ከታንኳ ሠሪው ዘንድ

ባሕር ዳር የደረስነው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰባታችንም ከአዲስ አበባ የአንዲት አነስተኛ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን አባላት ስንሆን፣ የመጣነውም በጣና ዙሪያ ለሚኖሩና ወንጌል አልደረሳቸውም ለሚባሉ ወገኖች ሦስት ቀን በጾም ለመጸለይ ነበር። ከያዝነው ዝርዝር ውስጥ «ነገደ ወይጦ፣ የጣና ዳርቻ፣ ሙስሊም» የሚል አንድ መስመር ይገኛል። እኔም ስለ እነርሱ ከዚያች መስመር የዘለለ ዕውቀት ሳይኖረኝ አንድ ዓመት ሙሉ ስማቸውን በእግዚአብሔር ፊት ሳነሣ ኖሬአለሁ።

ዓርብ ማለዳ ወደ ሐይቁ ዳር ስንወርድ የቡድናችን መሪ ወደ ሰሜን እያመለከተ ጎርጎራ በዚያ በኩል መሆኑን ነገረን። ከዚህ ሆኖ አይታይም፤ ነገር ግን ለተልእኮ የሚጸልይ ሰው ቦታውን ሳያስብ ማለፍ የለበትም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1603 ወደ አገራችን የገባው ኢየሱሳዊ (ኢየሱሳውያን ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የሆነ) ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ግእዝና አማርኛ ተምሮ፣ ከሊቃውንቱ ጋር በትዕግሥት ተከራክሮ፣ የዐፄ ሱስንዮስን ልብ ወደ ካቶሊክ እምነት ከሳበ በኋላ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ። ከእርሱ በኋላ በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የተጠመቀው ሕዝብ ዳግም ይጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና ይሾሙ ብሎ አስጨነቀ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ንጉሡ በ1632 የአባቶቹን የኦርቶዶክስ ሃይማኖት መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ አስረከበ፤ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ከሐይቁ በስተ ሰሜን ባለው በደምቢያ፣ ለቤተ እስራኤል ሊሰብኩ ለመጡ ፕሮቴስታንቶች ዐፄ ቴዎድሮስ የፈቀዱት የሚያምኑት ሁሉ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ በሚል ግዴታ ነበር። ይህ ዳርቻ ሚሲዮናዊ ሲመጣና ሲሄድ ብዙ አይቷል።

ከውሃው ጥግ አንድ የወይጦ አዛውንት ደንገል የሚባለውን የሐይቅ ዳር ተክል እየጠቀለሉ ታንኳ ያስራሉ። ሰላምታ ሰጥተን አጠገባቸው ተቀመጥን። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሐይቁ ሲወጣ ፀሐይ ላይ መሰጣት እንዳለበት፣ ደንገሉም የሐይቁ ዳር እየታረሰና ቤት እየተሠራበት በመሄዱ እንደ ድሮው በቅርብ እንደማይገኝ አጫወቱን። ቀደም ባለው ዘመን ጉማሬ አዳኞች የነበሩት አባቶቻቸው በሚበሉት ሥጋ የተነሣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ማዕድ ሳይጋራቸው ያርቃቸው እንደነበረ ሲነግሩን ግን እጃቸውን ከሥራው አላነሡም። እኛ በዝርዝራችን ሙስሊም ብለን የጻፍናቸውን ሰዎች ሌላው ሙስሊም እንኳ ራቅ አድርጎ ሲያያቸው መኖሩን ያን ጊዜ ገና ሰማሁ።

«ታዲያ እናንተ ለምን መጣችሁ?» አሉን።

መሪያችን ጥቂት አመነታና «ለአካባቢውና ለሕዝቡ ለመጸለይ ነው፣ አባባ» አላቸው።

«ደግ። ዱዓ ማን ይጠላል፣ ልጆቼ? እንግዲያው ለደንገሉ ጸልዩልን፤ እምቦጩም ወደዚህ እንዳይሻገር።»

እምቦጭ ከ2011 ወዲህ፣ ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ በጣና ላይ የተንሰራፋ አረም ሲሆን በተለይ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ክፉኛ ሸፍኖታል።

ማታ ባረፍንበት ቤት ስንጸልይ አንዱ ወንድም በሕዝቡ ላይ ያለው የጨለማ አሠራር እንዲሰበር እየጮኸ ማለደ። እንዲህ ያለው ጸሎት ለእኔ ከባድ ነው፤ ጨለማውን በእነርሱ ላይ ብቻ ለምን እንደምናይ አይገባኝም፤ ካራቋቸው ጎረቤቶች መካከል እኛው ክርስቲያኖች አለንና። በዕድሜ የምትበልጠን እኅት ግን ዝግ ባለ ድምፅ ደንገሉን አነሣች፤ የልጅ ልጆቻቸው በጓደኞቻቸው ዘንድ እንዳይናቁም ለመነች። እኔ ክርስቶስን እንዲያውቁ ብቻ ጸለይሁ። ይህን የምጸልየው ከልቤ ነው፣ አላፍርበትምም፤ ሆኖም አዛውንቱ ፊት ይህን አለመናገራችን እንቅልፍ ነሣኝ። ለሰውየው በግልጽ የማልነግረውን ስለ እርሱ ለእግዚአብሔር መንገር ሐሜት መሰለኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ለብቻዬ ተመለስሁ። ታንኳው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። «አባባ፣ ትናንት ግማሹን ብቻ ነው የነገርንዎት። ጌታ ኢየሱስን እንዲያምኑ ነው የምንጸልየው» አልኋቸው፤ እየፈራሁ።

ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። «ይህን እማ አውቄዋለሁ። እኔስ ለእናንተ ወደ እስልምና እንድትመጡ ዱዓ የማላደርግ መሰለህ?» አሉና ገመዱን በጥርሳቸው ይዘው አጠበቁ። ቋጠሮውን ከጨረሱ በኋላ እንደገና ቀና ብለው «ደንገሉንስ አነሣችሁት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እኅታችን አንሥታዋለች አልኋቸው። እኔ ረስቼው ነበር።