ፖርሹ የሚያፈሰው ከየት ነው?

የምሠራበት ጋራዥ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። አብዛኛው ሥራችን የታክሲና የኡበር መኪና ነው፤ ፍሬን፣ ዘይት፣ ጎማ። ስለዚህ አንድ ቀን ቀይ ፖርሽ 944 በራችን ላይ ሲቆም ሁላችንም እጃችንን እየጠረግን ወጣን። የ1986 ሞዴል ነው። ባለቤቱ ከሌላ ጋራዥ የተሰጠውን የዋጋ ወረቀት ይዟል። "ውሃ ፓምፑ ያፈሳል፤ ፓምፕና ቺንጋ ይቀየር" ይላል። ሰውየው ዋጋው ስላስደነገጠው ሌላ ሰው ይይልኝ ብሎ ነው የመጣው።

ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በዚህ መኪና ላይ ፓምፑን የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋው (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያስማማው ባለ ጥርስ ቀበቶ) ራሱ ነው። ፓምፑን ለማውጣት ቺንጋው መውረድ አለበት። ሲመለስ ጥርሱ ከተዛነፈ ወይም ከላላ ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ። ያኔ ጣጣው የኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣው ውሃ) መሆኑ ይቀርና የሞተር ይሆናል። "ፓምፑ ሳይሆን አይቀርም" ተብሎ የሚነካ ቦታ አይደለም።

ዋናው መካኒካችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሙያውን የተማሩት አዲስ አበባ ነው። ኮፈኑን እንኳ ሳያስከፍቱ ሰውየውን ጠየቁት፦

"ማታ የት ነው የምታቆማት?"

"ቤቴ ደጃፍ። ቁልቁለት ነው፣ በአፍንጫዋ ወደ ታች አቆማታለሁ።"

"ኩሬውስ የት ይታይሃል?"

"ከፊት። ከራዲያተሩ ሥር።"

ጋሼ ወደ እኔ ዞር ብለው በአማርኛ፣ "ውሃ ቁልቁለት አግኝቶ ወዴት ይሂድ ታዲያ?" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 944 ሞተሩ ሥር መከላከያ ሽፋን አለው። ከኋላ የሚንጠባጠብ ኩላንት እዚያ ላይ ይጠራቀምና መኪናው ባዘነበለበት በኩል ይወጣል። በጉዞ ላይ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይረጨዋል። ስለዚህ መሬት ላይ የሚታየው ኩሬ መኪናው የት እንደቆመ እንጂ ቀዳዳው የት እንደሆነ ላይናገር ይችላል።

ዘይቱን አየን፤ ንጹሕ ነው። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ የለም። ውሃው ወደ ውስጥ የሚገባ አይመስልም፣ ወደ ውጭ ነው የሚፈሰው። መኪናውን ሊፍት ላይ ሰቅለን ሽፋኑን ፈታን፣ ሞተሩን አጠብን፣ በአየር አደረቅን። ጋሼ በዚህ ቀልድ አያውቁም፤ እርጥብ ሞተር ላይ ፍሳሽ አይፈለግም። ፓምፑ ላይ ሆን ተብሎ የተተወች ትንሽ ቀዳዳ አለች። የውስጥ ማኅተሙ ሲበላሽ ኩላንቱ በእሷ ይወጣል። ቀዳዳዋ ደረቅ ናት። አጠገቧ ግን የቆየ ነጭ እድፍ ነበር፤ ያኛውን ጋራዥ ያሳሳተው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ የግፊት መፈተሻውን በኩላንት ጋኑ ክዳን ቦታ ገጠምን። ክዳኑ ላይ ከተጻፈው መጠን ሳናሳልፍ በእጅ ፓምፕ አየር ሞላነው። የግፊት መርፌዋ ከደረሰችበት ንቅንቅ አላለችም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "አያፈስም" ብሎ ቁልፍ ይመልሳል። እኔ ግን በቀዝቃዛ ሞተር ብቻ የተደረገ ፈተናን ግማሽ ፈተና ነው የምለው። ፕላስቲክና ጎማ ሲሞቁ ጠባያቸው ሌላ ነው። በብርድ ብቻ አፍስሶ ሲሞቅ የሚዘጋም አለ።

መፈተሻውን አንስተን ክዳኑን መለስንና ሞተሩን አስነሳን። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍተን ፋኑ እስኪነሳ ጠበቅን፣ ከዚያ አጠፋነው። ሞተር እንደጠፋ ውሃው መዞር ያቆማል፤ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሙቀት ግን ወደ ውሃው መግባቱን አያቆምም። ለጥቂት ደቂቃ ሙቀቱ ይጨምራል። ደካማ ቦታ ካለ ያን ጊዜ ነው የሚያጋልጠው። (ክዳኑ በዚህ ሰዓት አይነካም። ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖም በግፊት ምክንያት ሳይፈላ የቆየው ውሃ ክዳኑ ላላ ሲል ገንፍሎ ፊት ላይ ይወጣል።)

በሞተሩ ጀርባና ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ግድግዳ መካከል፣ ዓይን የማይደርስበት ጠባብ ቦታ አለ። የስልኬን መብራት አብርቼ እጄን አስገባሁና ቪዲዮ ቀረጽኩ። ወደ ማሞቂያው የሚሄደውን ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋ ፕላስቲክ ቫልቭ አለ። ከመጋጠሚያው ጠብታ ይወጣል፣ በፍሪሲዮኑ ቤት ላይ ይወርዳል። ለሰውየው ቪዲዮውን አሳየሁት። ደጋግሞ አየው። "ይቺ ናት?" አለ። ይቺው ናት።

ዕቃው ርካሽ ነው፤ የሚያስከፍለው እጅ የማያስገባው ቦታው ነው። ቫልቩን ከነውሃ ጎማዎቹ (ቱቦዎቹ) እና እነሱን ከሚያጠብቁት ፋሸታዎች ጋር ቀየርን፤ አንዱን አሮጌ ጎማ ለመቆጠብ ሲባል ተመልሶ እዚያ ጉድጓድ መግባት አይገባም። ብሎኩም ቴስታታውም አሉሚኒየም ስለሆነ ፎስፌት የሌለው ኩላንት ሞላን፣ የአየር ማስወጫዋን ብሎን ፈትተን አየሩን አስወጣን። ወለሉንም ወዲያው አጠብን። ኩላንትን ውሻና ድመት ይልሱታል፤ ሊገድላቸው ይችላል።

ሒሳብ ላይ ትንሽ ተከራከርን። "ለማየት ብቻ ይህን ያህል?" አለ። ጋሼ የያኛውን ጋራዥ ወረቀት አንስተው ከእኛው አጠገብ አስቀመጡለት። ሳቀና ከፈለ።

ከዚያ ጋሼ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ጠየቁት። መኪናዋን ሲገዛ ወረቀት አልነበራትም፣ አያውቅም። "እንግዲያው ቀጠሮ ያዝ" አሉት፤ ዕድሜው ያልታወቀ ቺንጋ ይዞ መንዳት ሞተሩን አስይዞ ቁማር መጫወት ነው። በቀጠሮው መጣ። ቺንጋው ከወረደ አይቀር ፓምፑንም ቀየርንለት።