ግማሽ ቀን የሚሉት ሥራ ሙሉ ቀን ይበላል

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከጁስ ቤትና ከቁርስ ቤት በር ላይ "የግማሽ ቀን ሠራተኛ እንፈልጋለን፣ ደመወዝ በስምምነት" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ፀሐይ እስኪያነጣው ይከርማል። ከወረቀቱ ፊት ለፊት ደግሞ ሥራ ያጡ ልጆች ግድግዳ ተደግፈው ይውላሉ። ባለቤቱ "የዘንድሮ ልጅ ሥራ አይወድም" ይላል፤ ልጆቹ "እሱም ሥራ ሆኖ ነው?" ይላሉ። ቁጭ ብሎ ላሰላው ሒሳቡ ለልጆቹ ያደላል።

ለምሳሌ ሙሉ ቀን 6,000 ብር የሚከፈልበት ሥራ በግማሽ ቀን 3,000 ሆነ እንበል። ሠራተኛዋ ጢጣ ትኖራለች፤ ሁለት ባጃጅ ይዛ ትመጣለች፣ ሁለት ይዛ ትመለሳለች። አንዱ ጉዞ 15 ብር ቢሆን በቀን 60፣ በ26 የሥራ ቀን 1,560 ብር ነው። ሙሉ ቀን የምትሠራዋ 4,440 ይተርፋታል፣ ግማሽ ቀን የምትሠራዋ 1,440። ደመወዙ በግማሽ ቀነሰ፤ እጅ ላይ የሚቀረው ግን ወደ ሲሶ ወረደ። ባጃጁ ግማሽ ቀን ነው ብሎ ግማሽ ዋጋ አያስከፍል! የቤት ኪራዩም እንደዚያው።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ደመወዝ መጨመር ሳይሆን ሰዓቱን ማጠፍ ነው። በሳምንት 6 ቀን 4 ሰዓት 24 ሰዓት ነው፤ 3 ቀን 8 ሰዓትም ያው 24። ሦስት ቀን ብቻ ስትመጣ የወሩ ትራንስፖርት ከ1,560 ወደ 780 ይወርዳል። አሠሪው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር እሷ 2,220 ይቀራታል፤ በቀሪዎቹ ቀናትም ሌላ ሥራ መያዝ ትችላለች። አንዷ ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ሌላዋ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ። ሰው የሚበዛበት የጠዋቱ ሰዓት ብቻ ለሆነ ዳቦ ቤት ግን ይህ አይሠራም። እሱ የሚያዋጣው ከሰዓት በኋላ ከሚደምቀው ጎረቤት ጁስ ቤት ጋር አንድ ሰው መጋራት ነው፤ ውሉ ለየብቻ፣ የክፍያው ቀን ግን አንድ ይሁን። አንዱ ካዘገየ ልጅቱ ሁለቱንም ጥላ ትሄዳለች።

ሁለተኛው ነገር ሰዓቱ የት ላይ እንደወደቀ ነው። የቀን ሥራ የሚጠብቅ ሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይቆማል፤ 2 ሰዓት ካለፈ የሚወስደው የለም። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ና ያልከው ሰው ያንን ዕድል ዘግቶ ነው የሚመጣው። ቀኑ ከመሃል ተቆረጠበት ማለት ነው። ፓስፖርትና ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ጨርሳ ወደ ዓረብ አገር የምትጠባበቀዋም፣ ነገ ጥላው ለምትሄደው የ3,000 ብር ሥራ አትቸኩልም።

ታዲያ ለማን ይመቻል? ልጇን መዋዕለ ሕፃናት አድርሳ 6 ሰዓት ላይ ለምትወስድ እናት ከ2:30 እስከ 5:30 የተሰጠ ሥራ ልክ የተሰፋላት ነው። የማታ ተማሪም አለ። ወረቀቱ ግን "ዕድሜዋ ከ18 እስከ 25፣ የ2 ዓመት ልምድ ያላት" ይላል። ብርጭቆ ለማጠብ የሁለት ዓመት ልምድ ምን እንደሚሠራ ጠያቂው ራሱ ያውቀው ይሆናል።

ወሎ ውስጥ ደግሞ የሳምንቱን ፕሮግራም ሲያወጡ ጁምዓንና እሑድን ማየት ግድ ነው። የዓርብ ምሳ ሰዓትና ሶላቱ አንድ ላይ ይገጥማሉ፤ እሑድ ጠዋት ቅዳሴና ቁርስ እንዲሁ። አንድ ሙስሊምና አንድ ክርስቲያን ይዞ ዓርብና እሑድን ማቀያየር ብዙ ሰው በቤቱ የሚያውቀው ዘዴ ነው። ረመዳን ሲገባ የቁርስ ገበያው ይቀዛቅዛል፣ ማምሻው ይደምቃል፤ ይህን ቀድሞ ያልተነጋገረ ቤት በጾሙ መጀመሪያ ሳምንት ሰው ያጣል።

የክፍያው ቀንም ያባርራል። የቀን ሠራተኛ ማታውኑ ይቀበላል። ወር ጠብቂ የተባለችው በአምስተኛው ቀን የባጃጅ ታጣለች፤ "ጠፋች" ይባላል። ሳምንታዊ ዕቁብ ካላትማ ወር ፈጽሞ አይሆናትም። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት ቅዳሜ ቅዳሜ መክፈል ብዙ ሰው ያስቀራል።

ከሁሉም የከፋው ዋስ ነው። ለ3,000 ብር ሥራ ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ከነደብዳቤው ማን ያመጣል? "ጋሼ፣ ዋስ ቢኖረኝ እሱ ጋ እቀጠር ነበር" የሚለው መልስ ቀልድ አይደለም። ከወለጋ ተፈናቅሎ ሐይቅ ጃሪ መጠለያ የቆየ ሰው ደሴ ላይ ማን ያውቀዋል? ባለቤቱ የሚፈራው የመሳቢያውን ብር ከሆነ፣ ብሩን የሚጠብቀው ቆጠራ እንጂ ዋስ አይደለም። ዳቦ ቤት ውስጥ እንዲህ ይሠራል፦ ጠዋት 400 ዳቦ ገባ፣ ባለቤቱና ልጅቱ አብረው ቆጥረው ፈረሙ። በርክክብ ጊዜ 37 ተረፈ፣ 5 ተበላሸ፤ የተሸጠው 358። ዋጋው 10 ብር ቢሆን 3,580። ጠዋት የተተወ 300 ብር ዝርዝር ሲደመር 3,880፤ በቴሌብር የገባው ከዚህ ተቀንሶ የቀረው መሳቢያ ውስጥ መገኘት አለበት። የሚበላሸው ሦስት ቦታ ነው፦ ባለቤቱ ጠዋት ብቻውን ሲቆጥር፣ ለዘመድ የተሰጠ ዳቦ ሳይጻፍ ሲቀር፣ ከመሳቢያው ለጎረቤት ሱቅ ዝርዝር ሲበደር። ሦስቱም የባለቤቱ ጥፋት ናቸው፤ ጉድለቱ ግን ከልጅቱ ይቆረጣል።

"ትንሽ ቆዪ" የሚባለው ነገርም አለ። አራቱ ሰዓት ስድስት ይሆናል፣ ብሩ ያው ነው። 3,000 ለ104 ሰዓት ሲካፈል የሰዓቱ ዋጋ 29 ብር ገደማ ነው፤ የቆየችበትን በዚያው ሒሳብ ጽፎ መክፈል ያባት ነው። ማምሻውን ከሆነ ደግሞ ባጃጅ ሳይጠፋባት ትውጣ።

በሕጉ በኩል ብዙ የሚያስፈራ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓትን ጣሪያ በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ያነሰ መስማማት አይከለክልም። የጽሑፍ ውል ከሌለ በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት ይገባል። ጡረታ የሚቆረጥ ከሆነ የሠራተኛው ድርሻ 7 በመቶ፣ የአሠሪው 11 በመቶ ነው፤ ከ3,000 ብር 210 እና 330 ማለት ነው። 330ውን ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ ያስገቡት።

ወረቀቱም ይቀየር፦ "ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ከጠዋቱ 1 እስከ 9 ሰዓት። በወር 3,000 ብር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚከፈል። ቁርስና ምሳ ከቤቱ። ልምድም ዋስም አንጠይቅም።"