ሰም ብዬ ወርቁን ያጣሁበት ስብሰባ

ቢሮ ውስጥ «ኤክሴል የሚያውቀው ልጅ» መባል ሹመት ነው፤ ደመወዝ የለውም እንጂ። ማዕረጉን ያገኘሁት አንዱ ባልደረባዬ «ቁጥሮቼ ጠፍተው መሰላል በመሰላል ሆነብኝ» ብሎ ሲጮህ ሄጄ አምዱን ስላሰፋሁለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተከበርኩ።

በቀደም አለቃችን «የመጋዘኑን ቆጠራ ለነገ ስብሰባ ቆንጆ አድርገህ አዘጋጅልኝ» አሉኝ። «ቆንጆ አድርገህ» ባይሉኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ዝርዝሩ 412 መስመር ነው፤ ቁጥሮቹ 1250፣ 18400 እያሉ ራቁታቸውን ቆመዋል። ኮማ ላልብሳቸው አልኩ። ወጉ ሴሉን፣ ማለትም ቁጥሩ ያለበትን ሳጥን፣ መርጦ የቁጥሩን ፎርማት መቀየር ነው፣ ሁለት ክሊክ። ፎርሙላ የሚያውቅ ሰው ግን በሁለት ክሊክ ይረካል? ቴክስት የሚባለውን ፎርሙላ አመጣሁና «1,250»፣ «18,400» አስባልኳቸው። ፎርሙላው እንዳይታይብኝ ደግሞ ውጤቱን ኮፒ አድርጌ በዋናዎቹ ቁጥሮች ላይ ለጠፍኩት።

ምልክት አልተሰጠኝም አልልም። ኤክሴል ካልነኩት ቁጥርን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ ያስጠጋል፤ የኔዎቹ ተሰብስበው ግራ ግድግዳ ተደግፈዋል። መሃል አስገባኋቸው። በየሴሉ ጥግ ትንንሽ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን በቅሏል። ከጠረጴዛው ቀለም ጋር ስለሄደልኝ ተውኩት።

በነጋታው ስብሰባው ላይ፣ ፕሮጀክተሩ በርቶ፣ አለቃችን «እሺ፣ ጠቅላላው ስንት መጣ?» አሉ። ይህቺን ነበር የምጠብቃት። ሰው እያየኝ ልደምር! የመደመሪያዋን ፎርሙላ ሰም ብዬ ጻፍኩ፣ አምዱን ከላይ እስከ ታች ጎተትኩ፣ ኢንተር።

0።

ደገምኩት። 0። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ታዲያ እኔ ቁልፍ ይዤ የምዞረው ምን ልጠብቅ ነው?» አሉ።

ፎርሙላው ራሱ ስሙ ሰም መሆኑ ቅኔ ለሚያውቅ ሰው በቂ ማስጠንቀቂያ ነበር። ሰሙ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው፤ ወርቁ ግን አምስት ፊደል ያለው ቃል፣ ኮማዋም እንደ አንድ ፊደል ተቆጥራ። ኤክሴል ደግሞ አምድ ሲደምር ጽሑፍ ካጋጠመው አይጮህም፣ ስህተት አለ አይልም፤ ዝም ብሎ አልፎት ይሄዳል።

መች በዚህ አበቃ። ጎን ላይ «ከ100 በታች ከሆነ ይታዘዝ፣ አለዚያ በቂ ነው» የምትል ፎርሙላ ሠርቼ ነበር። ኤክሴል ጽሑፍን ከቁጥር ጋር ሲያወዳድር ሁልጊዜ ጽሑፉ ይበልጥበታል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ «የፕሪንተር ቀለም፣ 3፣ በቂ ነው» ይላል። ከሳምንት በላይ ያለ ቀለም የተቀመጠችው ጸሐፊያችን አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ እኔን አየች። ምንም አልተናገረችም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

አሥር ደቂቃ ስጡኝ አልኩ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ባዶ ሴል ላይ 1 ጽፈህ ኮፒ ታደርጋለህ፣ የታመሙትን ሴሎች መርጠህ በልዩ መለጠፊያው «አባዛ» ትለዋለህ። በአንድ ሲባዛ ጽሑፉ ተመልሶ ቁጥር ይሆናል። ጊዜ ለመቆጠብ ጠረጴዛውን በሙሉ መረጥኩ። (ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።)

ድምሩ መጣ፣ ተጨበጨበ ልል ነበር፤ ኃላፊው «ጎደለ» አሉ። ዜሮ ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ያስደነግጣል። ሃያ የሚሆኑ መስመሮች ከድረ ገጽ ተቀድተው የገቡ ናቸው፣ አሁንም ጽሑፍ ናቸው። ቫልዩ በሚባለው ፎርሙላ «ቁጥር ሁኑ» አልኳቸው፤ «ቫልዩ!» የሚል ስህተት መለሱልኝ። ስሙን ጠርቼው ስሙን መልሶ ሰደበኝ። ክፍተት ይቆርጣል የተባለውን ትሪምን ላክሁ፤ እሱም ባዶ እጁን ተመለሰ። በመጨረሻ ሌን በሚባለው ፊደል ባስቆጥር፣ ባለ ሦስት አሃዙ ቁጥር አራት ፊደል ሆኖ ተገኘ። ዓይን የማያየው አራተኛ! ለካ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት የማይሰበር ክፍተት የሚባል አለ፤ የኮድ ቁጥሩ 160 ነው። ትሪም የሚያውቀው 32 የተባለውን ተራ ክፍተት ብቻ ነው። በሰብስቲትዩት 160ን በምንም ተካሁት፣ ቫልዩን ከላይ ደረብኩበት፣ ድምሩ ሞላ። አሥር ደቂቃዋ አርባ ሆና ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ግምጃ ቤቱ ደወለ። «ልጄ፣ 00417 የሚባለው ዕቃ የት ገባ?»

ጠረጴዛውን በሙሉ አባዝቼው የለ? የዕቃ ኮዶቹም አብረው ቁጥር ሆነዋል፤ ከፊት ያሉት ዜሮዎች እልም ብለዋል። 3-12 የሚባለውን ኮድማ ኤክሴል ቀን መስሎት ከ1900 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያሉትን ቀናት ቆጥሮ ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር አድርጎት ቁጭ ብሏል። በዚህ ጠባዩ ሳይንቲስቶችንም አልማረ፤ የዘረ መል (ጂን) ስም አውጪው ኮሚቴ ኤክሴል ወደ ቀን የሚቀይርበትን «ማርች 1» የመሰሉ ስሞች ቀይሮ በ2020 (እ.ኤ.አ.) አዲስ መመሪያ አውጥቷል። እኔ ግን ኮሚቴ የለኝም። ዜሮዎቹን በምን መለስኳቸው? በዚያችው በቴክስት ፎርሙላ፣ አምስት ዜሮ ሰጥቻት። 3-12ን በእጄ ጻፍኩት፣ ፊቱ ላይ ነጠላ ጥቅስ አስቀድሜ።

አለቃችን ሲሰሙ «ትናንት ያልፈለግነውን ዜሮ አመጣህልን፣ ዛሬ የምንፈልገውን ወሰድክብን» አሉ።

ትንሽ ቀን ላርፍ ብዬ የዓመት ፈቃድ ቅጽ ሞልቼ አቀረብኩላቸው። ብዕራቸውን አንስተው ቆም አሉና በመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ይቺ 5፣ ቁጥር ናት ወይስ ጽሑፍ?»