ራጅ፣ የጫማ ካርቶን እና የፓስታ ማጥለያ

ሙያዬ ሠርግ ማንሳት ነው። ደሴ ውስጥ አንዲት ክፍል ፎቶ ቤት አለችኝ። ሙሽሮች ከሚጠይቁኝ ሁሉ የሚያስቸግረኝ አንድ ነገር ነው፤ «ከኋላችን ትልቅ ጨረቃ አድርጊልን» ይሉና ስልካቸውን አውጥተው ያሳዩኛል። ፎቶው ላይ ጨረቃዋ ጎጆ ቤት ታክላለች፤ ሙሽራዋ ከሥሯ ቆማ የቬሏን ጫፍ ይዛለች። በኮምፒውተር የተለጠፈ ነው ብዬ ሳስረዳ እኔኑ ይጠራጠሩኛል። እንግዲህ ለሚቀጥሉት ሙሽሮች ይህን ጽሑፍ አስነብባቸዋለሁ።

ጨረቃ ከዳር እስከ ዳር ሰማይ ላይ የምትይዘው ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው። ክንድን ዘርግቶ በትንሿ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ መሸፈን ይቻላል። ሙሽሮችን በማነሳበት 50 ሚሊሜትር ሌንስ ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ገጽ) ላይ የምታርፈው ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ የማትሞላ ነጥብ ሆና ነው። በ600 ሚሊሜትሩ ሌንሴ አምስት ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ትደርሳለች። ስለዚህ ጨረቃን ከሙሽራ እኩል ለማድረግ ያለው መላ ጨረቃን ማሳደግ ሳይሆን ሙሽራዋን ማራቅ ነው። ቁመቷ አንድ ሜትር ከ65 የሆነች ሙሽራ 180 ሜትር ያህል ከእኔ ርቃ ከቆመች ከጨረቃ ጋር በትክክል ትስተካከላለች። በዚህ የተስማሙ ሙሽሮች እስካሁን ያገኘሁት አንድ ጥንድ ብቻ ነው። እነሱ ጉብታው ላይ፣ እኔ ከታች ሜዳው ላይ ሆነን በስልክ «ወደ ግራ! አሁንም ወደ ግራ!» እያልኩ ስጮህ ሚዜዎቹ ተሰላችተው መኪና ውስጥ ገቡ። ጨረቃ ደግሞ ሚዜ አትጠብቅም፤ የራሷን ስፋት ያህል ለመሄድ የሚፈጅባት ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ያም ሆኖ አራት ፎቶ ወጣልኝ። ሙሽራው ግን አልበሙ ላይ ያስገባው የለም፤ «ፊታችን አይታይም» አለ።

ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ሌላው ነገር ብርሃኑ ነው። ሌሊት ስለሆነ ካሜራው ብዙ ብርሃን ይፈልጋል ብሎ ያስባል፤ ስልኩም እንደዚያው ያስብና ጨረቃን ነጭ አምፖል አድርጎ ያወጣታል። እኔም ለወራት እንዲሁ ስደክም ነበር። የበራልኝ ነገሩን ገልብጬ ሳየው ነው። ጨለማው እኛ ዘንድ ነው እንጂ ጨረቃ ላይ ቀን ነው፤ እኔ የማነሳው ቀትር ላይ ፀሐይ ያረፈችበትን ድንጋይ ነው። የካሜራዬ ልኬት ይህ ነው፦ አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር ኤፍ 11፣ ፍጥነት የሰከንድ አንድ መቶኛ። ከቤት ውጭ በጠራራ ፀሐይ ሙሽሮችን ከማነሳበት ልኬት ብዙም አይርቅም። የሚገርመው ደግሞ ያ የሚያንጸባርቅ ድንጋይ ጥቁር መሆኑ ነው። የጨረቃ ገጽ ከሚያርፍበት ብርሃን መልሶ የሚልከው 12 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ ያረጀ አስፋልት በሉት።

ሙሉ ጨረቃን ለሙሽሮች እተዋለሁ። ለራሴ የማነሳው ስምንተኛና ዘጠነኛ ቀኗን ነው። በ14ኛው ቀን ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚያርፍባት ጥላ የላትም፤ ፊቱ ላይ ፍላሽ እንደተተኮሰበት ሰው ጠፍጣፋ ትሆናለች። በስምንተኛው ቀን ግን በብርሃኑና በጨለማው መካከል ያለችው መስመር ላይ ገና እየነጋ ነው። የአፔናይን ተራሮች የሚባሉት ከሜዳው ከ5,000 ሜትር በላይ ይነሣሉ፤ ጫፋቸው በርቶ ሥራቸው ጥቁር ነው። ደሴ ላይ ማልዶ የተነሣ ሰው ይህንን ለመረዳት ቴሌስኮፕ አያስፈልገውም። ጎሕ ሲቀድ ከተማው ገና ድንግዝግዝ እያለ የጦሳ ተራራ አናት ብቻ ቢጫ ሲሆን አይቶ ያውቃልና። በማግስቱ ደግሞ ኮፐርኒከስ የሚባለው ጉድጓድ ይወጣል፤ ስፋቱ 93 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግድግዳው እንደ ደረጃ ወደ ውስጥ ሲወርድ ይታያል።

የእኔ ጠላት ደመና ብቻ አይደለም፤ ቆርቆሮ ነው። ጨረቃ ከጎረቤቶቼ ጣሪያ በላይ ዝቅ ብላ ካለች ቀን የጋለው ቆርቆሮ ሙቀቱን እየለቀቀ ምስሉን እንደ ፈላ ውኃ ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ ከፍ እስክትልና ጣሪያው እስኪበርድ እጠብቃለሁ። ከዚያ ፎቶ ሳይሆን ቪዲዮ ነው የምቀዳው፤ ሁለት ሺህ ያህል ምስል። አየሩ ለቅጽበት የሚረጋባቸው ምስሎች ጥቂት ናቸው። ኮምፒውተሩ ሁሉንም መርምሮ ደህናዎቹን ሁለት መቶ ያህል ያወጣና አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ አንድ ጥርት ያለ ፎቶ ይሰጠኛል። እናቴ አንድ ምሽት አጠገቤ ተቀምጣ ሰፌድ ላይ ምስር ስትለቅም ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ታዲያ እኔ የምሠራውን ነው የምትሠሪው» አለች፤ ልዩነቱ እሷ ደህናውን ብዙ፣ ጠጠሩን ጥቂት ማግኘቷ ነው።

ፀሐይም ሰማይ ላይ የምትይዘው ያንኑ ግማሽ ዲግሪ ነው። ሌንሱ ያው፣ የሦስት እግሩ ማቆሚያ ያው። ጨረቃ ላይ ብሳሳት በወሩ ትመለስልኛለች። ፀሐይ ላይ ግን የተሳሳትኩትን እስከ ዛሬ እከፍላለሁ።

ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በከፊል ስትጋረድ ሰፈሩ ሁሉ ራጅ ይዞ ወጣ። የእኛ ቤት ራጅ የእናቴ ደረት ነበር። በጎድን አጥንቶቿ መካከል ፀሐይ ከአንድ ጎኗ ስትጎመድ አየሁ፤ ብዙም ሳትጎድል ጦሳ ቀድሞ ዋጣት። ዓይናችን ስላላመመን ራጅ ጥሩ ነገር ነው ብለን ነበር። አይደለም። ራጅ የሚታየውን ብርሃን ያጨልማል እንጂ የማይታየውን ጨረር እንደሚገባው አያግድም፤ የዓይን የውስጥ ግድግዳ ደግሞ የሕመም ስሜት ስለሌለው ሲቃጠል አይናገርም።

ይህን ሳላውቅ ካሜራ ይዤ ፀሐይን ላነሳ የተነሣሁ ሰሞን ያንኑ ራጅ ቆርጬ በፕላስተር ሌንሱ አፍ ላይ ለጠፍኩት። ካሜራው ፀሐይ ላይ እንደተተከለ፣ ስክሪኑ እንደበራ፣ ቡና ሊገነፍል ነው ተብዬ ገባሁ። ስመለስ ራጁን ነፋስ ወስዶታል። መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነበር፤ የፕላስቲክ ጄሪካን ሲቃጠል የሚሸተው ዓይነት። በአጉሊ መነጽር ወረቀት ያቃጠለ ልጅ የሚያውቀውን ነገር እኔ በገዛ ሴንሰሬ ላይ ሠራሁት። ያ ካሜራ እስከ ዛሬ በሚያነሳው ፎቶ ሁሉ ላይ፣ በስተቀኝ ከላይ በኩል፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ሐምራዊ ጠባሳ ያስቀምጣል። ደግነቱ አሮጌው ነበር። ለሠርግ የማልይዘው ለዚህ ነው።

አሁን ያለኝ ፊልተር ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ፣ የቸኮሌት መጠቅለያ የሚመስል ስስ ፊልም ነው። የሚያሳልፈው ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ብርሃን ብቻ ነው። ጅዳ ያለችው ታላቅ እህቴ ገዝታ በሰው ላከችልኝ። ከጫማ ካርቶን ሁለት ቀለበት ቆርጬ ፊልሙን በመካከላቸው አጣበቅሁና ሌንሱ ላይ ጥብቅ ብሎ የሚገባ ክዳን ሠራሁ። ፊልሙ ቢጨማደድ ግድ የለም፤ ቢበሳ ግን አበቃ። ሁልጊዜ ከመሰቀሉ በፊት ከመብራት ፊት አድርጌ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን እንኳ እንደሌለች አረጋግጣለሁ። ደግሞም ቦታው ከሌንሱ ፊት ነው፤ ከኋላ፣ ዓይን በሚጠጋበት በኩል የሚገጠመውን ዓይነት ማንም ቢያቀርብላችሁ አትቀበሉ። ተሰብስቦ የመጣ ሙቀት ይሰነጥቀዋል።

በዚህ ፊልተር የወጣችውን ፀሐይ ሳሳያት እናቴ «ነጭ ናት እንዴ?» ብላ ቅር አላት። ነጭ ናት። ቢጫና ብርቱካናማው እኛ የምንቀባው ነው። እኔም ለደንበኛ ሲሆን እቀባለሁ፤ መዋሸት የለብኝም። ፀሐይ ዝም ባለች ጊዜ ባዶ ሳህን ነው የምትመስለው። በግንቦት መጀመሪያ 2016 ዓ.ም. ግን እንዲህ አልነበረችም። ከምድር አሥራ አምስት እጥፍ የሚሰፋ የጥቁር ነጠብጣቦች መንጋ ወጣባትና ከእሱ በተነሣው የፀሐይ ማዕበል በሌላው ዓለም ሰሜንና ደቡብ ሰማዩ በቀለም ሲደምቅ ሰነበተ። እኛ ጋ ሰማዩ ምንም አላለም፤ እኔ ግን በግርዶሽ መነጽር ብቻ፣ ያለ ሌንስ፣ ፀሐይ ላይ ቁራጭ ጥላሸት አየሁ። ለተከታታይ ቀናት እያነሳሁ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው መንጋው ወደ ዳር ሲጓዝ ያስታውቃል፤ ፀሐይ ራሷ እየዞረች ነውና።

ስለ ላሊበላ ሳልጽፍ ብቀር የሚያውቁኝ ይታዘቡኛል። እሑድ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሹ መንገድ በዚያ ያልፍ ነበር። በኮሮና ምክንያት ሠርግ ከቆመ ወራት ስለሆነው ሥራ አልነበረኝም፤ መኪናው በግማሽ ጭኖ በእጥፍ ዋጋ ነበር የሚሄደው። በወልድያና በጋሸና በኩል ቅዳሜ ማታ ገባሁ። ያደርኩበት ቤት ባለቤት አሮጊት ናቸው፤ ሌሊት ሦስቴ ተነሥቼ ሰማዩን ሳይ «አንቺ ልጅ፣ የሚጠፋ ከብት አለሽ?» አሉኝ።

ጠዋት ደመናው ይመጣል ይሄዳል። ያን ቀን ጨረቃ ከወትሮው ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ሙሉ በሙሉ የመሸፈን አቅም አልነበራትም፤ ከመካከሏ ገብታ ዳሯን ትታ ነው የምታልፈው። ያ የተረፈው ክር የሚያህል ዳር እንኳ ዓይን ለማጥፋት ይበቃል፤ ፊልተሩ አይነሣም። ብርሃኑ ቀስ በቀስ ሳሳ። መሸ እንዳልል አልመሸም፤ የቀን ብርሃን ሆኖ ሳለ ብርታቱ የወጣ፣ ውኃ የበዛበት ሻይ የሚመስል ነገር። ብርድ መጣ። ፊልተሩን ሳስተካክል የሌንሱን የፎከስ ቀለበት በክንዴ መንካቴን ያወቅሁት ማታ ኮምፒውተር ላይ ነው። ቀለበቱ ሰማይ ላይ በነበረባት አጭር ጊዜ 11 ፎቶ አነሣሁ፤ ዘጠኙ የደበዘዙ ናቸው። ሁለቱ ይሁን ይባላሉ። ከዚያ ወዲህ ፎከሱን በፕላስተር አስራለሁ።

የምወደው ፎቶ ግን የተነሣው በስልክ ነው። ግርዶሹ ገና ሲጀምር ለአሮጊቷ በቀዳዳ ማየት እንደሚቻል ነግሬያቸው ነበርና ወንፊት ይዘው መጡ። ወንፊቱ አልሆነም። ቀዳዳዎቹ ከመጠጋጋታቸው የተነሣ የአንዱ ምስል በሌላው ላይ እየወደቀ ግድግዳው ላይ የታየው ግራጫ ጥላ ብቻ ነበር። ገብተው የፓስታ ማጥለያ አመጡ፤ ያ የአሉሚኒየሙ፣ ቀዳዳዎቹ የተራራቁት። ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ስለነበር መሬት ላይ ሳይሆን ፊቱ ወደ ምሥራቅ በሆነው በኖራ የተቀባ ግድግዳ ላይ ነው የሠራው። ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል አርቀው ያዙት። መጀመሪያ መቶ የሚሆኑ ትናንሽ ማጭዶች። ከዚያ ማጭዶቹ ቀጠኑ፣ ጫፍና ጫፋቸው ተገናኘ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ የጣት ቀለበት ሆነ። አሮጊቷ ማጥለያውን ሲያንቀሳቅሱ መቶውም ቀለበት አብሮ ግድግዳው ላይ ይሄዳል። አንድ እጃቸውን ዘርግተው ሌባ ጣታቸውን በአንዱ ቀለበት ውስጥ አስገቡ። ያንን ነው በስልክ ያነሣሁት፤ ጣታቸው ላይ ቀለበቷ ጥፍራቸውን ከብባ።

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የሆነውን የጨረቃ ግርዶሽ በአጭሩ ልለፈው፤ በደመና ውስጥ ነው ያለፈው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ከ52 ድረስ ሙሉ በሙሉ ተጋርዳ ነበር፤ እኔ ያገኘሁት ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ክፍተት ነው። የቀላችው የምድርን ዳር ታክኮ፣ በአየራችን ውስጥ አልፎ በሚደርሳት ብርሃን ነው፤ በዚያች ሰዓት ምድር ላይ ፀሐይ የምትወጣበትና የምትጠልቅበት ቦታ ሁሉ ብርሃን። መቶኛ ሰከንድ የለመደችው ጨረቃ ሁለት ሰከንድ ጠየቀችኝ። ጃንጥላ በግራ እጄ፣ የሸተሩ ገመድ በቀኝ። አንድ ፎቶ ወጣ፤ የጡብ ቀለም አላት።

አሁን ሐሳቤ ያለው ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ላይ ነው። ያን ሰኞ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ በስፔን፣ በሰሜን አፍሪካና በግብፅ አድርጎ ጅዳንና መካን አቋርጦ ወደ የመንና ሶማሊያ ይወርዳል። ደሴ ላይ ከፊሉ ብቻ ነው የሚታየው፤ ያውም የሐምሌ ደመና ከፈቀደ። ጅዳ ላይ ግን ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ለስድስት ደቂቃ ያህል ትጠፋለች፤ ፊልተር የሚነሣው በዚያች ጊዜ ብቻ ነው። ከወር በፊት ለእህቴ ደውዬ እንደምመጣ ነገርኳት። ስለ ሙቀቱ አስፈራራችኝ፤ ስለ ቪዛው ደግሞ እናያለን አለች። ከዚያ ማጥለያውን አስታወሰች።

«እዚህ ሞልቷል» አለችኝ፤ «ትልቁን አስቀምጥልሻለሁ፤ የሩዙን።»