የልብ ድካም ላለበት ታካሚ፣ የኩላሊት ጠጠር ሲወጣ አተኛኘቱን ሳትጠይቁ አትፈርሙ

አባቴ የልብ ድካም መድኃኒት የሚወስድ በደሴ አቅራቢያ ያለችው የሐይቅ ከተማ አካባቢ ገበሬ ነው። የኩላሊቱ ጠጠር ትልቅ ሆኖ በመገኘቱ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈለት፤ መንገዱም፣ ወረፋውም፣ የደም ምርመራውም እንደማንኛውም ታካሚ አለፈ።

የከፋው ማደንዘዣ ከተሰጠው በኋላ የሆነው ነው። በጀርባው በኩል ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ ጠጠሩ እዚያው ተሰባብሮ እንደሚወጣ ተነግሮናል። ያስፈረሙን የስምምነት ቅጽ ስለ ደም መፍሰስና ስለ ኢንፌክሽን ይዘረዝራል፤ ታካሚው እንዴት እንደሚተኛ ግን አንድ ቃል የለውም። በመጀመሪያ በጀርባው አስተኝተው፣ እግሮቹን ወደ ላይ ሰቅለው በሽንት መስመሩ ቀጭን ቱቦ አስገቡ፤ ከዚያም እግሮቹን አውርደው በሆዱ ገለበጡት። በኋላ ያስረዳን የማደንዘዣ ሐኪም እንደነገረን፣ እግር ሲሰቀል ደም ወደ ልብ ይጎርፋል፣ ሲወርድ ወደ እግር ይመለሳል፤ በሆድ ሲተኛ ሆድ ከተጫነ ደግሞ ወደ ልብ የሚወስደው ትልቁ ደም መልስ ይጨመቃል፣ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ልብ የሚረጨውም ደም ይቀንሳል። ጤነኛ ልብ ይህን ይቋቋመዋል፤ ማደንዘዣ የደም ሥሮቹን ያላላበት ደካማ ልብ ግን ይቸገራል። የአባቴ የደም ግፊት እንደተገለበጠ ወረደና ቀዶ ሕክምናው ተቋረጠ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፣ ደሴ የተነሳው የልብ አልትራሳውንድ ውጤት ፋይሉ ውስጥ እያለ ማንም አለማንበቡ ነው። የማደንዘዣው ግምገማ በዋዜማው ማታ በጥቂት ጥያቄዎች ተጠናቀቀ፤ እኔን «ቤተሰብ ይውጣ» ብለው አስወጡኝ፤ አባቴም ሐኪም ላለማሰልቸት ለሁሉም ጥያቄ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ሲል መለሰ። የክፍሉ ደንብ ምንም ቢል፣ ታካሚው ከፈቀደ አትውጡ እላለሁ።

በሁለተኛው ጊዜ በጀርባው እንደተኛ፣ ከጎኑ ሥር ትራስ ተደርጎ በአንድ በኩል ቀና ብሎ ተሠራለት፤ ስፔናዊው ሐኪም ቫልዲቪያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያስተዋወቀው አተኛኘት ነው። መገልበጥ የለበትም፤ ልብ ቢያቆም እንኳ ደረቱ ለእጅ ቅርብ ነው። ጠጠሩ በሰላም ወጣ። እርግጥ ሁሉም ጠጠር በዚህ አተኛኘት አይመችም፤ በሆድ ማስተኛት ግድ ከሆነ ደረቱና ዳሌው ሥር ትራስ ተደርጎ ሆዱ እንዳይጫን ጠይቁ፤ እግር የሚሰቀል ከሆነም ቀስ ተብሎ እንዲወርድ ለማደንዘዣ ባለሙያው ንገሩት፣ ቅር ቢለውም።