ስሙን ሳታውቁ መሬት አትስጡት

ወዳጅ ከአጥሩ ቆርጦ የሚሰጠው ሐረግ አብዛኛውን ጊዜ ስም የለውም፤ «አበባው ያምራል» ብቻ ነው የሚባለው። እምቦጭም በዓለም የተዛመተው አበባው ስላማረ ነው፤ የጣና ዳር ሰው ይህን ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ስለዚህ አበባውን እስክታዩ በማሰሮ ወይም በባልዲ ይቆይ።

እስከዚያው አወጣጡን እዩ። እሾህ ካለው፣ ቅጠሉም እየተፈራረቀ ከበቀለ ቡገንቪላ ሊሆን ይችላል፤ ሲያብብ ባለ ቀለሙ እንደ ወረቀት የሳሳ ቅጠል ነው፣ እውነተኛው አበባ መሐል ያለችው ትንሿ ናት። በሦስት የተከፈለ ቅጠልና ከአንጓው የሚወጣ ጥምዝ ክር ካለው የፓሽን ፍሩት ወገን ሊሆን ይችላል። ግንዱ ራሱ እየተጠመጠመ ከወጣ፣ ቅጠሉ ፊት ለፊት ጥንድ ከሆነ፣ አበባውም ጉሮሮው ቢጫ የሆነ ሰማያዊ ጥሩምባ ከሆነ፣ ትልቁን ተንበርጂያ የሚባለውን፣ ለማጥፋት የሚያስቸግር ሐረግ ጠርጥሩ። ሲቆረጥ ወተት ካወጣ ጓንት አድርጉ፤ ወተት የሚያወጡት አላማንዳና ክሪፕቶስቴጂያ የተባሉት ሐረጎች መርዛማ ናቸው፣ ልጅና ፍየል አይድረስባቸው።

ለማባዛት እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቅርንጫፍ ይበቃል። ታችኛውን ጫፍ ከአንጓ ሥር በሰያፍ፣ ላይኛውን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ተገልብጦ የተተከለ አይጸድቅም፣ የታቹን ጫፍ የምትለዩትም በሰያፉ ነው። የታች ቅጠሎችን አራግፉ፣ ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ ይግባ። ሁለት እጅ አሸዋ ከአንድ እጅ ኮምፖስት ጋር ደባልቁ። ትኩስ ፍግ አይግባበት፣ ያቃጥላል።

በብዛት የሚገድለው ጥማት አይደለም፣ ውኃ ነው። አፈሩ ላዩ ሲደርቅ ብቻ አጠጡ፤ ግንዱ ከታች ጠቁሮ ከለሰለሰ በስብሷል። ቡቃያ አየሁ ብላችሁም አትንቀሉት፦ በግንዱ በቀረው ስንቅ ሥር ሳይኖረውም ቅጠል ያወጣል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቁ።

ቡገንቪላ ከሆነ ክረምት ሲገባ ፀሐይ በደንብ በሚያገኝ ቦታ ትከሉት። መረሬ አፈር ላይ ውኃ ስለሚተኛ ሥሩን 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ጉብታ ላይ አኑሩት። ቅጠሉ ለምልሞ አበባ እምቢ ካለ ውኃና ፍግ በዝቶበታል፤ በበጋ ትንሽ ይጠማ።

ተንበርጂያ ከሆነ ግን ከባልዲው አይውጣ። ከሥሩ ተራርፎ ከቀረውም፣ ከግንዱ ቁራጭም እንደገና ይበቅላል። ቁርጥራጩን ሐይቁ ዳር ወይም ዓባይ ውስጥ አትጣሉ፤ በፀሐይ በደንብ አድርቃችሁ አቃጥሉት።