አዘጋጅ ከተማ ስትመረጥ የነዋሪ ብዛት ብቻውን ምንም አይነግረንም

አንዲት ከተማ ታላቅ ውድድር ላዘጋጅ ስትል ቶሎ የሚነሳው የነዋሪዋ ብዛት ነው። እኔ የማስቀድመው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ጨዋታው ሲያልቅ ተመልካቹን በስንት ሰዓት መሸኘት ትችላለች?

40,000 ሰው በአውቶቡስ ብቻ ይሄዳል እንበል። 50 ሰው ጭኖ ለመነሳት 5 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ከአንድ መጫኛ ቦታ በሰዓት 12 አውቶቡስ፣ ማለትም 600 ሰው ይወጣል። መጫኛው 20 ቢሆን እንኳ 12,000 ነው፤ ኋላ የቀረው ከሦስት ሰዓት በላይ ይሰለፋል። ደርሶ መልሱ አንድ ሰዓት ከሆነ 240 አውቶቡስ ይበቃል። መንገዱ ተዘጋግቶ ሁለት ሰዓት ከፈጀ ግን 480 ይፈለጋል፣ የተጨመሩት አውቶቡሶችም መንገዱን ይብሱን ያጨናንቁታል። መውጫዋ አንድ ሁለት መንገድ የሆነ ትንሽ ከተማ የምትሸነፈው እዚህ ላይ ነው። 1,000 ሰው የሚጭን ባቡር በየ2 ደቂቃው የሚነሳባት ከተማ በሰዓት 30,000 ታነሳለች።

ከ3,000 ያነሰ ነዋሪ የነበራት የአሜሪካዋ ሌክ ፕላሲድ እ.ኤ.አ. በ1980 የክረምት ኦሊምፒክ ተመልካቾቿን አውቶቡስ አጥተው ብርድ ላይ አቁማቸዋለች። ትልቅነትም ቢሆን ዋስትና አይሆንም፤ በ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ ላይ ከሌላ ከተማ የመጡ ሾፌሮች መንገድ እየጠፋባቸው አትሌቶችን አዘግይተዋል።

አልጋ ሌላው ነው። ለበጋ ኦሊምፒክ 40,000 ገደማ የሆቴል ክፍል ይጠየቃል፤ ትንሽ ከተማ ባትሞክረው ይሻላል። አንድ ስፖርት ብቻ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። 175,000 ገደማ ነዋሪ ያላት የአሜሪካዋ ዩጂን የ2022 የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮናን ስታዘጋጅ ወሩ ሐምሌ ነበርና፣ ተማሪዎች የለቀቁት የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ለአትሌቶች መንደር ሆነ።

ወንበሩስ? የዓለም ዋንጫ ለምድብ ጨዋታ እንኳ 40,000 መቀመጫ ይፈልጋል። በ2018 የሩሲያዋ ሳራንስክ 300,000 ገደማ ነዋሪ ይዛ፣ በ2014 የብራዚሏ ማናውስ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ይዛ፣ ሁለቱም ያስተናገዱት አራት አራት ጨዋታ ብቻ ነው። ማናውስ ያን ሁሉ ሕዝብ ይዛ በአንደኛው ሊግ የሚጫወት ክለብ አልነበራትም፤ ስታዲየም የሚሞላው በየሳምንቱ የሚጫወትበት ቡድን ሲኖር ነው። እንዲህ ላለ ቦታ ተነቃይ መቀመጫ ይሻላል ባይ ነኝ።

ውድድሩን ከፋፍሎ ማዘጋጀትም ሸክሙን አያጠፋውም። እያንዳንዱ ተጨማሪ ቦታ የራሱን ሕክምና፣ ጥበቃ፣ የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ክፍልና የስርጭት መስመር ይፈልጋል። የፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ የሰርፊንግ (በባሕር ማዕበል ላይ የመንሸራተት) ውድድር ታሂቲ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ መንደር ሲካሄድ አዘጋጆቹ ሆቴል አልገነቡም፤ አትሌቶቹን መርከብ ላይ አሳደሯቸው።